ክብደት ሲቀንስ የሴቷ ሆርሞን እንዴት ይለወጣል?

እ.ኤ.አ በጁን ወር 2025 የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሴቶች አንድ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። ማሳሰቢያው ክብደት ለመቀነስ የሚረዱትን አዳዲስ መርፌዎች የሚወስዱ ሴቶች አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ እንዲጠቀሙ የሚያሳስብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «የውፍረት መድኃኒትን ከእርግዝና ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የማሳሰቢያው አንዱ ምክንያት መድኃኒቶቹ ለፅንስ ያላቸው ደህንነት በበቂ ሁኔታ ያልተጠና መሆኑ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሐኪሞች ከመርፌዎቹ መምጣት በፊትም የሚያውቁት ሌላ ጉዳይ አለ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባት ሴት ክብደት ስትቀንስ የጾታ ሆርሞኖቿ ሚዛን ይለወጣል። ለዓመታት ተዛብቶ የቆየ የወር አበባ ሊስተካከል፣ እንቁላል መልቀቅ ያቆመ ኦቫሪ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። «እኔ አላረግዝም» ብላ ተስፋ የቆረጠች ሴትም ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ለውጡ እንደ ሴቷ ሁኔታ የምሥራች ወይም ያልታሰበ ችግር ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍም ይህንኑ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል

ውፍረት የባለጸጋ አገራት ችግር ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በአገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከሚፈለገው በላይ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 8 ከፍ ብሏል። በከተማ የሚታየው ቁጥር ከገጠሩ በብዙ ይበልጣል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 22 የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በታች የቀጠነ ሰውነት ነበራቸው። አገራችን ሁለቱን ችግሮች በአንድ ጊዜ ተሸክማለች ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ክብደት መቀነስ የሚነሳው ሐሳብ ሁሉ ክብደታቸው በእርግጥ ከመጠን ያለፈ ሴቶችን እንጂ ሁሉንም ሴት የሚመለከት አይደለም።

በሕክምናው ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለው የክብደትና የቁመት ምጣኔ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ቁመትን በሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያም ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ ለተገኘው ውጤት ማካፈል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 90 ኪሎ የሆነ ሴት ምጣኔዋ 35 ገደማ ይሆናል።

በእኛ ማኅበረሰብ መወፈር የምቾት ምልክት ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። የወፈረችን ሴት «ተመችቷታል» እንላለን፤ አራስን በገንፎና በአጥሚት ማጠንከርም ወግ ነው። በሌላ በኩል የወር አበባዋ የተዛባ ወይም ልጅ የዘገየባት ሴት የሚደርስባት ወቀሳ ከባድ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በሆርሞን በኩል ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ስብ ራሱ ሆርሞን ያመርታል

ብዙ ሰው ስብን ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ ስንቅ ብቻ አድርጎ ያስባል። በእርግጥ ስንቅ ነው፤ ነገር ግን ሥራ የማይፈታ አካልም ነው። ከመጠን ያለፈ ስብ የሴቷን የጾታ ሆርሞን በሦስት መንገድ ያዛባል።

አንደኛው መንገድ በራሱ በስቡ ውስጥ የሚካሄድ ነው። በስብ ሕዋሳት ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም በተለምዶ «የወንድ ሆርሞን» የሚባሉትን፣ በሴቶችም ሰውነት ውስጥ በመጠኑ የሚገኙትን እንደ ቴስቶስትሮን ያሉ ሆርሞኖች ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ስቡ ሲበዛ ይህ ኢስትሮጅን ይበዛል። ሴቷ ካረጠችና ኦቫሪዎቿ ሥራቸውን ካቆሙ በኋላ ደግሞ ዋናው የኢስትሮጅን ምንጭ ይኸው የስብ ሕዋስ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በጉበት በኩል ነው። ጉበት የጾታ ሆርሞኖችን በደም ውስጥ ይዞ የሚዞር ተሸካሚ ፕሮቲን ያመርታል። ፕሮቲኑን እንደ ታክሲ፣ ሆርሞኑን እንደ ተሳፋሪ አድርገን እናስበው። ተሳፋሪው ታክሲው ውስጥ እስካለ ድረስ ወደ ሥራው አይገባም፤ ሥራ የሚሠራው ሲወርድ ነው። ታክሲዎቹ ሲያንሱ በየመንገዱ የሚንቀሳቀሰው ነፃ ሆርሞን ይበዛል። ውፍረት ያለባቸው ሴቶች ብዙውን ጊዜ ይህ ተሸካሚ ፕሮቲን ዝቅ ይልባቸዋል። በዚህም ምክንያት ጠቅላላው የቴስቶስትሮን መጠን እምብዛም ከፍ ሳይል እንኳ ነፃው ቴስቶስትሮን ከፍ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው የኢንሱሊን መንገድ ነው። ኢንሱሊን የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው። በተለይ ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ቆሽትም ይህንን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ጉበት ተሸካሚውን ፕሮቲን እንዲቀንስ፣ ኦቫሪም ቴስቶስትሮን አብዝቶ እንዲያመርት ይገፋፋል። የዚህ ውጫዊ ምልክት አንዳንድ ጊዜ በአንገት ዙሪያና በብብት ሥር የሚታይ የጠቆረና ወፈር ያለ ቆዳ ነው። ብዙዎች እድፍ ወይም የጌጥ ጉዳት መስሏቸው ይፈትጉታል። ቆዳውን መፈተግ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የስኳር ምርመራ ማድረግ ይሻላል።

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች

የነፃ ቴስቶስትሮን መብዛት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባለች ሴት ላይ በግልጽ ይታያል። በአገጭና በላይኛው ከንፈር ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ብጉር ይበረታል፤ የራስ ፀጉር ይሳሳል። በኦቫሪ ውስጥ እንቁላሉ በስሎ ስለማይወጣ የወር አበባ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ይመጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለውን ችግር ይጠረጥራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ መቶ ሴቶች መካከል ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ያስፈልጋል። ችግሩን የሚያመጣው ውፍረት ብቻ አይደለም። በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌ አለው፤ ቀጫጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል። ውፍረት የሚያደርገው ነገር ያለውን ማባባስ ነው። ስለዚህ «ወፍረሽ ነው እንጂ ምንም የለብሽም» ብሎ ሴትን ከምርመራ ክፍል መሸኘት ትክክል አይደለም።

እንቁላል ሳይወጣ ሲቀር ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን አይመነጭም። ፕሮጄስትሮን የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ከኢስትሮጅን ግፊት የሚጠብቅ ነው። እርሱ ሲጠፋ ግድግዳው ያለማቋረጥ ይወፍራል፤ የወር አበባው ሲመጣም በጣም በዝቶ ይመጣል። ይህ ለብዙ ዓመታት ከቀጠለ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። የወር አበባ ለወራት መቅረት «እፎይታ» መስሎ የሚታያቸው ሴቶች በመኖራቸው ይህንን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክብደት ሲቀንስ ሂደቱ ወደኋላ ይመለሳል። ኢንሱሊን ይወርዳል፤ ጉበት ተሸካሚውን ፕሮቲን እንደገና ማምረት ይጀምራል፤ ነፃው ቴስቶስትሮን ይቀንሳል። በብዙ ሴቶች ላይ እንቁላል የመውጣቱ ሂደት ይመለሳል፤ የወር አበባም መልክ ይይዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው የክብደት መቀነስ ብዙዎች እንደሚፈሩት ትልቅ አይደለም። ከጠቅላላ ክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 ያህሉ ሲቀንስ ለውጡ መታየት ይጀምራል።

ሁሉም ምልክት ግን በእኩል ፍጥነት አይለወጥም። በደም ውስጥ ያለው ለውጥ በሳምንታትና በወራት ይታያል፤ የወር አበባው ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል። የፊት ፀጉር ግን የራሱ የእድገት ዑደት ስላለው ቢያንስ ስድስት ወር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም የተለየ ሕክምና ያስፈልገዋል። ፀጉሩ ባለመጥፋቱ ብቻ «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ጥረቱን ማቆም አይገባም።

ካረጡ በኋላ ያለው ለውጥ

የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶች ጥያቄው ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሰጠው ከስብ የሚመነጨው ኢስትሮጅን ነው። ካረጡ በኋላ በደም ውስጥ ያለ ከፍተኛ የኢስትሮጅን መጠን የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ በጥናት የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ በ2016 ከመጠን ካለፈ ውፍረት ጋር የሚያያዙ ናቸው ካላቸው የካንሰር ዓይነቶች መካከል ካረጡ በኋላ የሚመጣው የጡት ካንሰርና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ይገኙበታል።

ታዲያ ክብደት መቀነስ ሆርሞኑን ምን ያህል ይለውጠዋል? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል የተካሄደ ጥናት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ ያረጡና ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 439 ሴቶችን በዕጣ በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን አመጋገቡን አስተካከለ። ሁለተኛው በሳምንት አምስት ቀን በቀን 45 ደቂቃ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ አደረገ። ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ፤ አራተኛው ለማነጻጸሪያ የነበረውን ኑሮ ቀጠለ።

ከአንድ ዓመት በኋላ አመጋገባቸውን ያስተካከሉት ከክብደታቸው 8.5 በመቶ፣ እንቅስቃሴ ብቻ ያደረጉት 2.4 በመቶ፣ ሁለቱን ያጣመሩት ደግሞ 10.8 በመቶ ቀንሰዋል። ሆርሞኑም ክብደቱን ተከትሏል። ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት ኢስትራዲዮል በአመጋገብ ቡድኑ 16 በመቶ፣ በእንቅስቃሴ ቡድኑ 5 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱን ባጣመረው ቡድን 20 በመቶ ወርዷል። ተሸካሚው ፕሮቲን አመጋገብ ባስተካከሉት 22 በመቶ፣ ሁለቱን ባጣመሩት 26 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ነፃው ቴስቶስትሮንም በቅደም ተከተል 10 እና 16 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ብዙ ክብደት የቀነሱት ሴቶች የሆርሞን ለውጣቸውም የበዛ ነው። ሁለተኛ፣ ምግብን ሳያስተካክሉ በእንቅስቃሴ ብቻ የሚገኘው የሆርሞን ለውጥ አነስተኛ ነው። ይህ ማለት ግን እንቅስቃሴ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጡንቻን ይጠብቃል፣ የደም ስኳርን ያስተካክላል፣ የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ያግዛል።

ጥናቱ የለካው ሆርሞንን እንጂ ካንሰርን እንዳልሆነም ልብ ሊባል ይገባል። ክብደት የቀነሰች ሴት ካንሰር አይዛትም የሚል ዋስትና ከዚህ አይወጣም። በአገራችን የጡት ካንሰር በወጣት ሴቶችም ላይ በብዛት ይታያል፤ በእነርሱ ላይ የውፍረት ሚና ካረጡት ጋር አንድ አይደለም። ቀጭንም ሆነች ወፍራም፣ በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት።

ምን ያህል ይበቃል? ምን ያህልስ ይበዛል?

ወደ ቀደመው ምሳሌያችን እንመለስ። 90 ኪሎ የምትመዝነው ሴት 5 በመቶ ቀነሰች ማለት 4.5 ኪሎ፣ 10 በመቶ ቀነሰች ማለት 9 ኪሎ ነው። 81 ኪሎ ስትደርስ የክብደትና የቁመት ምጣኔዋ አሁንም ከ31 በላይ ነው። በሰንጠረዡ መሠረት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚባለው አልወጣችም። ጎረቤት ሲያያት «ያው ነሽ» ሊላት ይችላል። በሰውነቷ ውስጥ ግን ኢንሱሊኑ ወርዶ፣ ነፃው ቴስቶስትሮን ቀንሶ፣ የወር አበባዋ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ግቡን ሠርግ ላይ ከሚለበስ ቀሚስ ወይም በስልክ ላይ ከሚታይ ምስል ጋር ያያያዘ ሰው ይህንን ድል ሳያየው ያልፋል።

በተቃራኒው ደግሞ ክብደትን በፍጥነትና ከልክ በላይ መቀነስ ሌላ ጉዳት አለው። ሰውነት የሚያስፈልገውን ኃይል ሲያጣ አንጎል «ለእርግዝና የሚሆን ስንቅ የለም» ብሎ ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ኢስትሮጅን ይወርዳል፤ የወር አበባ ይቆማል፤ ከቀጠለም አጥንት ይሳሳል። ከሠርግ በፊት ለሳምንታት በውኃና በሎሚ ብቻ የሚቆዩ ወጣት ሴቶች ይህ ሊደርስባቸው ይችላል። ያረጡ ሴቶችም ክብደት ሲቀንሱ ለአጥንታቸውና ለጡንቻቸው መጠንቀቅ አለባቸው። ፕሮቲን ያለው ምግብ እንደ ምስር፣ ሽንብራ፣ እንቁላልና ወተት መመገብ፣ እንዲሁም ክብደት የማንሳት ያህል ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ማድረግ ይጠቅማቸዋል።

ስለ አዳዲሶቹ መርፌዎች

ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የሚባሉት መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን በመቀነስ ክብደትን በእጅጉ ያወርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2025 እነዚህን የመሰሉ መድኃኒቶች የስኳር ሕመምና ውፍረት አንድ ላይ ላለባቸው አንዳንድ ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ለውፍረት ሕክምና አጠቃቀማቸውን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ክትትል ጋር እንዲሰጡ የሚመክር ሲሆን ነፍሰ ጡሮችን አይጨምርም። ድርጅቱ ምርቱ በፍጥነት ቢያድግ እንኳ እስከ 2030 ድረስ መድኃኒቶቹ ሊጠቅሟቸው ከሚችሉ ሰዎች መካከል የሚደርሷቸው ከመቶ 10 በታች እንደሚሆኑ ገምቷል።

የሴቶቹ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። በክብደቱ መቀነስ ምክንያት እንቁላል የመውጣቱ ሂደት ይመለሳል። በሌላ በኩል ቲርዜፓታይድ በአፍ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ እንክብልን አቅም ሊያዳክም ይችላል። የመርፌዎቹ የጎንዮሽ ጉዳት የሆኑት ማስመለስና ተቅማጥም እንክብሉ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የሚወስዱ ሴቶች በእንክብሉ ላይ ኮንዶም እንዲጨምሩ ወይም በአፍ ወደማይወሰድ መከላከያ እንዲዛወሩ የመከረው ለዚህ ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሉፕ በዚህ አይነኩም። እርግዝና የምታቅድ ሴት ደግሞ ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር፣ ቲርዜፓታይድን ከአንድ ወር በፊት ማቆም ይኖርባታል። መድኃኒቱን እየወሰደች ያረገዘች ሴት አቁማ ወደ ሐኪሟ ትሂድ እንጂ በድንጋጤ ሌላ እርምጃ አትውሰድ።

ውፍረትን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። የመውለድ አቅማቸው በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ሰውነታቸው እስኪረጋጋና የምግብ ንጥረ ነገር እጥረት እስኪስተካከል ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል።

በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው መድኃኒት በሻንጣ ማስመጣቱ በአገራችን የተለመደ ነው። እነዚህ መርፌዎች ግን ለዚህ አይመቹም። ከመከፈታቸው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት ያለባቸው ናቸው፤ መጠናቸውም ቀስ በቀስ በሐኪም ክትትል የሚጨመር ነው። ሐሰተኛ ምርትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በጁን 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተገኙ ሐሰተኛ የሴማግሉታይድ ምርቶችን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሐሰተኛ መርፌ ውስጥ ኢንሱሊን ቢኖር የደም ስኳርን በድንገት አውርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ወይም በሰው በሰው ከሚሸጥ መርፌ መራቅ ይገባል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መርፌውም ቀዶ ሕክምናውም በእጃቸው ለሌለ ብዙኃን ሴቶች ለሆርሞኑ ለውጥ የሚያስፈልገው 5 ወይም 10 በመቶ በማዕድ ላይ በሚደረግ ማስተካከያ ሊደረስበት የሚችል ነው።

ከመጠጥ መጀመር ይቀላል። ብዙዎቹ የለስላሳ መጠጦች በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛሉ። በቀን ሁለት ጠርሙስ የምትጠጣ ሴት በውኃ ብትተካው ብቻ ትልቅ ለውጥ ታያለች። በቡናና በሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳርም እንዲሁ ነው። እንጀራውን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ቀንሶ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሽሮውን ማብዛት ይቻላል። ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይትና ቅቤ ግን መለካት አለበት። በጾም ወቅት ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ ጾሙ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ የሚበላው ዳቦ፣ ፓስታና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው።

ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም እ.ኤ.አ በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ አንድ የተለየ የአመጋገብ ዓይነት እንደሌለ ይገልጻል። ስለዚህ በውድ ዋጋ የሚሸጥ «የሆርሞን ሻይ» ወይም «የኦቫሪ ማጽጃ» ፍለጋ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። የሚሻለው ሴቷ ለዓመታት ልትቀጥለው የምትችለው አመጋገብ ነው። በዚህ ላይ የእግር ጉዞ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይጨመርበት። ቤተሰብም ሊያግዝ ይገባል፤ አንድ ማዕድ በሚበላበት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን አመጋገቧን ልታስተካክል አትችልም።

ክብደት የመቀነስ ጥረት ያልሠራላት ሴትም የሰነፈች አይደለችም። በምርመራ ክፍል ብዙ ሴቶች ሲያፍሩ እመለከታለሁ። ውፍረት በዘር፣ በእንቅልፍ፣ በጭንቀት፣ በአንዳንድ መድኃኒቶችና በኑሮ ሁኔታ የሚወሰን ሕመም ነው። ሜትፎርሚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች፣ የሆርሞን እንክብሎችና እንቁላል እንዲወጣ የሚረዱ ሕክምናዎችም አሉ። ክብደቷ እስኪቀንስ ድረስ ሕክምና ልትከለከል አይገባም።

ወደ ሐኪም መሄድ መቼ ነው?

የወር አበባ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቀር፣ ወይም ሲመጣ ከመጠን በላይ ሲፈስ፣ ካረጡ በኋላ ደም ሲታይ፣ የፊት ፀጉር በፍጥነት ሲበዛ ወይም ድምፅ ሲጎረንን መመርመር ያስፈልጋል። በተለይ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ጠብታም ቢሆን ችላ ሊባል አይገባም።

የወር አበባ መቅረት ሁሉ ከክብደት ጋር የተያያዘ አይደለም። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። የእንቅርት ዕጢ መዛባትም የወር አበባን ያውካል። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው በሦስት ወር አንዴ የሚሰጥ የእርግዝና መከላከያ መርፌም የወር አበባን ሊያስቀር፣ በአንዳንዶች ላይም ክብደት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የምትወስዱትን መከላከያ ለሐኪም ሳትነግሩ በራሳችሁ ፈቃድ የሆርሞን ምርመራ ማሠራት ግራ የሚያጋባ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ልጅ የዘገየባቸው ጥንዶች ደግሞ ሁለቱም መመርመር አለባቸው። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል ሲል የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ገልጿል። ችግሩ በወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። ሚስት ክብደቷን እንድትቀንስ እየተነገራት ባል ሳይመረመር ዓመታት ማለፍ የለባቸውም።

ክብደት ለመቀነስ የወሰናችሁ እህቶች እንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ በመጪዎቹ ወራት ማርገዝ እፈልጋለሁ ወይስ አልፈልግም? የምትፈልጉ ከሆነ ከወዲሁ ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጀምሩ፤ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም አድርጉ። የማትፈልጉ ከሆነ «ድሮም አላረግዝም ነበር» የሚለው ከእንግዲህ መከላከያ ስለማይሆን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሚስማማችሁን ዘዴ ምረጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች ሲቀንሱ መስታወት ለውጡን ላያሳያችሁ ይችላል፤ የወር አበባችሁን ቀን መዝግቡ፤ ለውጡ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ሊሆን ይችላል።